ትንንሹን ሁሉ አንድ ላይ ያዩ፦ የወይዘሮ ድምር የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ድምር ከአውቶቡስ ሾፌሩ አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው፣ ከተማው አልቆ ረግረጉ በሚጀምርበት የመጨረሻው መንገድ ላይ፣ ባለ ሁለት ክፍል የኪራይ ቤት ውስጥ ተወለዱ። «ድምር» ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም አይደለም። የሥራ ባልደረቦቻቸው መጀመሪያ ለማሾፍ፣ ኋላ ደግሞ ለማክበር ያወጡላቸው ነው። ከጊዜ በኋላ በሌላ ስም ሲጠሯቸው ዞር ብለው ማየት ስለተዉ፣ ዛሬም በዚሁ እንጠራቸዋለን።

የቤታቸው ጓሮ ረግረጉ ነበር። በዝናብ ወራት ውኃው ሸምበቆው ሥር ገብቶ ይተኛል፤ በደረቁ ወራት ደግሞ ቀስ እያለ ወደ ታችኛው ሰፈር ጉድጓዶች ይወርዳል። ከልጅነታቸው ጀምሮ ረግረጉን ይወዱ ነበር ብሎ መጻፍ ያምር ነበር። እውነቱ ግን ትንኙን ይጠሉት ነበር፤ እንቁራሪቶቹ አላስጠና አሉኝ እያሉም ለእናታቸው ክስ ያቀርቡ ነበር። እናታቸውም ከስፌት መኪናቸው ቀና ሳይሉ «ሂጂና ራሳቸውን አነጋግሪያቸው» ይሏቸው ነበር።

አባታቸው በድንገት ሲያርፉ ወይዘሮ ድምር ገና አንደኛ ደረጃ ተማሪ ነበሩ። ታላቅ ወንድማቸው ያኔ ትምህርታቸውን አቋርጠው ጋራዥ ተቀጠሩ። እናታቸው አልቅሰው «አንተም ተማር እንጂ» ቢሏቸው፣ «ከሁለት አንዳችን ከተማርን ይበቃል። እሷ ደግሞ ክርክር ትወዳለች፤ ጋራዥ ብትገባ ደንበኛ ታባርራለች» ብለው መለሱ። እኚህ ወንድም ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ብሎን» የሚላቸው መካኒክ ናቸው፤ ወይዘሮ ድምር ግን እስከ መጨረሻው «ጋሼ» ነበር የሚሏቸው። እህታቸውን ያበሉ፣ ያለበሱ፣ ያስተማሩ እሳቸው ናቸው። ከዚህ በኋላ የሚነገረውን ለመረዳት ይህ መታወቅ አለበት።

ወይዘሮ ድምር ሁለተኛ ደረጃን በጥሩ ውጤት ጨርሰው ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ የውኃ ሀብት ጥናት ተምረውም ተመረቁ። በምረቃው ዕለት ጋሽ ብሎን ጥፍራቸው ሥር የገባው ግሪስ አልለቅ ብሏቸው፣ እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው ነበር ፎቶ የተነሡት። ቀጥሎ ባለው ዓመት ወይዘሮ ድምር በከተማው የውኃና ረግረግ መሬት ጽሕፈት ቤት በፈቃድ ክፍል መርማሪነት ተቀጠሩ። ከፋርማሲ ባለሙያው ባለቤታቸው ጋር ትዳር የመሠረቱትና ሁለቱን ልጆቻቸውን የወለዱትም በነዚህ ዓመታት ነው።

ጽሕፈት ቤቱ ከፖስታ ቤቱ በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ኮሪደሩ በረድፍ የተቀመጠ የጎማ ቦት ጫማ ይዞ ሁልጊዜ እርጥብ እርጥብ ይሸት ነበር። የመርማሪ ሥራ ቀላል ይመስላል። አንድ ሰው ከረግረጉ ጥግ ላይ ቁራሽ መሬት በአፈር መድፈን፣ ወይም ቦይ መቅደድ ይፈልጋል። መርማሪው ቦታው ድረስ ሄዶ ይለካል፤ ከዚያ የሚጠፋውን ከቀረው ረግረግ ጋር አስተያይቶ አስተያየቱን ይጽፋል። ጽሕፈት ቤቱ ለዚህ የለመደው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበረው፦ «ከቀረው አንጻር ሲታይ ጉዳቱ አነስተኛ ነው።» ወይዘሮ ድምርም ይህን ዓረፍተ ነገር ለዓመታት ጽፈዋል። ደግሞ ልክ ነበር። ልኬት አላዛቡም፤ ከማንም ምንም አልተቀበሉም።

ከዚያ አንድ ክረምት ታችኛው ሰፈር ሰመጠ። ውኃው መስኮት ደረሰ። ሲጎድል አንዲት ጡረታ የወጡ የስልክ ቤት ሠራተኛ ጭቃ የነካ ጫማቸውን እንዳደረጉ ደረጃውን ወጥተው ከወይዘሮ ድምር ጠረጴዛ ፊት ተቀመጡ።

«እኔ ለጠብ አልመጣሁም» አሉ። «የፈቀዳችሁትን ሁሉ አውጡልኝና ቤቴን ያሰመጠው የቱ እንደሆነ ንገሩኝ። እሱን ብቻ ሄጄ ላናግረው።»

ወይዘሮ ድምር ፋይሎቹን አንድ በአንድ አገላብጠው አዩ። «የትኛውም አይደለም» አሉ።

«እንግዲያው ሶፋዬ ራሱ ተነሥቶ ዋና ሄዷል በሉኛ!» ብለው ሴትዮዋ ወጡ።

ባለቤታቸው እንደሚሉት ወይዘሮ ድምር በዚያ ሳምንት ምግብም ወሬም አልጣማቸውም። ስህተቱን ያገኙት ከፋይሎቹ ውስጥ ሳይሆን በፋይሎቹ መካከል ነው። መኪና አጣቢው ሲጠይቅ የተለካው በወቅቱ በነበረው ረግረግ ላይ ነው። በዓመቱ ጡብ አምራቹ ሲመጣ የተለካው ከመኪና አጣቢው በተረፈው ላይ ነው። ቀጥሎ የመጣውም ከሁለቱ በተረፈው ላይ። ረግረጉ ባነሰ ቁጥር መለኪያውም አብሮ ያንስ ነበርና፣ ጉዳቱ ሁልጊዜ «አነስተኛ» ሆኖ ይወጣል። ወይዘሮ ድምር ይህን የሚያስረዱት በእናታቸው ሙያ ነበር፦ አንዱ ሰፊ ከቀሚሱ ጫፍ ትንሽ ይቆርጣል፤ ሌላውም ከተረፈው ትንሽ ይቆርጣል፤ ሁሉም «እኔ የቆረጥኩት ትንሽ ነው» ብሎ ቢምል መሐላው እውነት ነው፤ ሴትዮዋ ግን መንገድ ላይ እርቃኗን ቆማለች።

ያቀረቡት ሐሳብ ሁለት ነገር ነበር። አንደኛ፣ መለኪያው አምና የተረፈው ሳይሆን መጀመሪያ የነበረው ረግረግ ይሁን። ሁለተኛ፣ ስለ አንድ ረግረግ የሚቀርብ ማመልከቻ ሁሉ ተጠራቅሞ፣ በዓመት አንድ ቀን፣ አንድ አዳራሽ ውስጥ፣ አመልካቾቹ አንዱ የሌላውን እየሰማ ይታይ። የክፍሉ ኃላፊ አልወደዱትም።

«እያንዳንዱ ሰው በራሱ ጉዳይ መታየት መብቱ ነው። በጎረቤቱ ጥፋት ሰው አይቀጣም» አሏቸው።

«ማንንም አልቀጣም። ጎረቤቱን እያየ ይጠይቅ ነው ያልኩት።»

ኃላፊው ማንም አይመጣም ብለው ስላሰቡ ለሙከራ ፈቀዱ። «ድምር» የሚለው ስምም የወጣው በዚያ ሳምንት ነው። ባልደረቦቻቸው በኮሪደሩ ሲያልፉ «ወይዘሮ ድምር፣ እኔ አንድ እግሬን ብቻ ነው ያነሣሁት፤ ይፈቀዳል?» ይሏቸው ነበር።

ችግሩ የመጣው ከወንድማቸው ነው። ጋሽ ብሎን የነበሩበት ጋራዥ ለመንገድ ማስፋፊያ ሊፈርስ ስለሆነ፣ ባላቸው ገንዘብ ሁሉ ከረግረጉ ዳር አንዲት ጠባብ ቦታ ገዝተው ለመድፈን አመለከቱ። ለእህታቸው የነገሯቸው ማመልከቻውን ካስገቡ በኋላ፣ እሑድ ምሳ ላይ ነበር። «በሥራሽ አልገባብሽም፣ እቴ። ግን የእኔ ትንሽ ናት፤ መኪና እንኳ ዞሮ አይወጣባትም፤ በኋላ ማርሽ ነው የሚወጣው» አሏቸው።

ስብሰባው ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው የጽሕፈት ቤቱ ካርታ ሠሪ በወይዘሮ ድምር ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «እስከ ስብሰባው ቀን የምንሠራው በድሮው አሠራር ነው። የጋሽ ብሎንን ዛሬ ልጨርሳት? ሕግ መጣስ አይደለም» አላቸው። ሕግ አለመጣሱ እውነት ነው። ወይዘሮ ድምር ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሌላ ሥራ አልሠሩም፤ መስኮቱ ጋ ሄደው ይቆማሉ፣ ተመልሰው ይቀመጣሉ። ሊወጡ ሲሉ ኮታቸውን እየለበሱ «ከሌሎቹ ጋር ትቅረብ» አሉት።

ማንም አይመጣም የተባለው ስብሰባ ወንበር ጎድሎት ከፖስታ ቤቱ መበደር ግድ ሆነ። ግድግዳው ላይ ከአውሮፕላን የተነሣው የረግረጉ የመጀመሪያ ፎቶ ተሰቅሏል፤ እስከዚያ ቀን የተፈቀደው ሁሉ በላዩ ላይ በቀይ ተቀብቷል። አመልካቾቹ፣ ቀድሞ ተፈቅዶላቸው አሁን ማስፋፊያ የጠየቁት ጭምር፣ በየተራ ተነሡ።

«የእኔ ትንሽ ናት» አሉ መኪና አጣቢው። «ደግሞ አጥቤበት ውኃውን መልሼ ለራሱ ለረግረጉ ነው የምሰጠው።»

«ከነሳሙናው!» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ።

«እኔ አፈር አወጣለሁ እንጂ አልደፍንም» አሉ ጡብ አምራቹ። «ጉድጓዱ ውኃ ይይዛል። እንዲያውም ልትሸልሙኝ ይገባ ነበር።»

የሠርግ አዳራሽ ባለቤቷ ሻርፓቸውን አስተካክለው ተነሡ። «እኔ የጠየቅሁት መኪና ማቆሚያ ነው። መኪና ደግሞ ቆሞ ነው የሚውለው፤ ምን አደረገ? ጌቶቼ፣ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ይባላል። ተካፍለን ነው የያዝነው። ማን ላይ ከበደ?»

አዳራሹ አጨበጨበ። ወይዘሮ ድምር ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠበቁ።

«እውነትዎን ነው» አሉ። «ሎሚውን ይዛችሁ የመጣችሁት ሃምሳ ናችሁ። ረግረጉ ግን አንድ ነው። ሃምሳውንም የተሸከመው እሱ ነው።»

ከዚያ በኋላ አመልካቾቹ ፎቶውን ማየት ጀመሩ። መኪና አጣቢው ከቀዩ ውስጥ የራሳቸውን ቁራሽ ፈልገው አጡትና «እዚህ ሁሉ ውስጥ የኔ የቷ ናት?» ብለው ሲጠይቁ ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ። ቀጥሎ የጋሽ ብሎን ተራ ደረሰ። ወይዘሮ ድምር ከመሐል ወንበራቸው ተነሥተው «ቀጣዩ አመልካች ታላቅ ወንድሜ ናቸው። ያሳደጉኝም እሳቸው ናቸው። ውሳኔው ላይ አልገባም» ብለው ጥግ ላይ ተቀመጡ።

ጋሽ ብሎን ቆሙ፤ ስለ ቦታቸው ግን አንድ ቃል አልተናገሩም። ካርታ ሠሪው ያን ዕለት ጠዋት ደረጃው ላይ አግኝቷቸው፣ ሊያጽናና ብሎ፣ «እኔማ ቀደም ብዬ ልጨርስልዎት ነበር፤ እሷ ናት እምቢ ያለችው» ብሏቸው ነበር። ያቆሰላቸው የመከልከል ሥጋት አልነበረም። አስቀድሞ ሊፈቀድላቸው ይችል የነበረ መሆኑ ነው።

«ለዚህ ነው ያስተማርኩሽ?» አሉ። «እኔን ለማስቆም? ካሁን ወዲያ ጋሼ እንዳትዪኝ።» ወይዘሮ ድምር አንድ ነገር ለመናገር ሲነሡ ጋሽ ብሎን በሩን ደርግመው ወጡ።

በዚያ ዓመት የተፈቀደው የትምህርት ቤቱ የእግረኛ ድልድይ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ረግረጉ ዳነ ብሎ መጻፍ ውሸት ይሆናል። የሠርግ አዳራሽ ባለቤቷ ይግባኝ ብለው አሸንፈው ቦታቸውን አስፋልት አልብሰውታል። የተረፈው ግን ተርፏል። በሚቀጥለው ክረምት ውኃው ታችኛው ሰፈር ቢገባም ደጃፍ ደርሶ ተመለሰ፤ የስልክ ቤት ሠራተኛዋም አዲስ ሶፋ ገዙ። በዓመቱ ሌሎች ከተሞች አሠራሩን ሊያዩ መጡ፤ ቆይቶም በደንቡ ውስጥ ገባ። ዛሬ ስለ አንድ ረግረግ የሚቀርብ ማመልከቻ ሁሉ በአንድ ቀን የሚታየው፣ መለኪያውም መጀመሪያ የነበረው የሆነው በእሳቸው ነው።

ዋጋውን ከከፈሉት አንዱ ጋሽ ብሎን ናቸው። ጋራዡ ፈረሰ፤ መኪና ማንሻቸውን ሸጠው ከተራራው ወዲያ በሌላ ሰው ጋራዥ ጥግ ተከራዩ፤ የድሮ ደንበኞቻቸው ዳገቱን ፈርተው ቀሩ። እህታቸውንም ማነጋገር ተዉ። ወይዘሮ ድምር ግን አሮጌ መኪናቸውን ሌላ መካኒክ ዘንድ ወስደው አያውቁም። በየጊዜው ዳገቱን እያጓራች ትወጣለች። ጋሽ ብሎን ኮፈኑን ከፍተው ለሞተሩ ይነግሩታል፦ «ባለቤትሽ ዘይት የሚባል ነገር አልሰማችም፣ አይደል?» ወይዘሮ ድምርም ከወንበራቸው ሳይነሡ ለመኪናዋ ይመልሳሉ፦ «በዪው፣ ከሥራ ብዛት ነው።» በዓመታት ውስጥ ስለ ልጆች ምረቃ፣ ስለ እናታቸው ሕመምና ማረፍ ጭምር በዚህ መንገድ ተነጋግረዋል። መኪናዋ መሸጥ ከሚገባት ጊዜ ብዙ ያለፈች መሆኗን ሁለቱም ያውቁ ነበር፤ አንዳቸውም አላነሡትም።

በቤታቸው ወይዘሮ ድምር ደግ እናት ነበሩ ማለት ለሁሉም እናት የሚባል ስለሆነ አይበቃም። ልጆቻቸው «አምስት ደቂቃ ብቻ ልተኛ» ሲሉ ዝም ይሏቸውና፣ ዓርብ ዕለት የሳምንቱን አምስት ደቂቃ ሁሉ ደምረው ያቀርቡላቸው ነበር። ባለቤታቸው «ትንሽ ጨው» ሲሉ ያዩአቸው ነበር። አብሮ መኖር ቀላል አልነበረም። ጥፋትን ግን አንድ ላይ እንደሚያዩ ሁሉ፣ ሰው የሠራውንም ጥሩ ነገር አንዱንም አይረሱም ነበር። የዘመድ ልጅ በፈተና ወድቆ ቤቱ ሁሉ ሲቆጣው፣ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ያለፋቸውን ፈተናዎች እየጠሩ የሚሟገቱለት እሳቸው ነበሩ።

ጡረታ ከወጡ በኋላ ወጣት መርማሪዎችን ሲያሠለጥኑ ቆይተው የልብ ድካም ያዛቸው። ሐኪም ቤትም ቢሆን ያው ነበሩ። ሐኪሙ ስለ እያንዳንዱ እንክብል «የጎንዮሽ ጉዳቱ አነስተኛ ነው» እያሉ ሲያስረዷቸው አዳመጡና «አንድ ላይስ?» ብለው ጠየቁ። ሐኪሙ በማግሥቱ መጥተው ከእንክብሎቹ ሁለቱን አስቆሙላቸው።

ጋሽ ብሎን ሐኪም ቤት የመጡት ሕመሙ ከጠና በኋላ ነው። ወንበር ስበው አልጋው አጠገብ ተቀመጡ። መኪናዋ አልነበረችም፤ የሚነገረው ነገር ሁሉ በቀጥታ መነገር ነበረበት።

«አሁንም ቢሆን የእኔ ትንሽ ነበረች እላለሁ» አሉ ጋሽ ብሎን።

«ከሁሉም ትንሿ ነበረች፣ ጋሼ» አሉ ወይዘሮ ድምር። «አንተን ባሳልፍ ሌላውን በምን አፌ እከለክላለሁ?»

«ታዲያ ይኼን ያኔ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«ልነግርህ ስነሣ በሩን ደርግመህ ወጣህ።»

ጋሽ ብሎን ሳቁ። አልቆም ስላላቸው ነርሷ በሩን ከፍታ አየቻቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ እየመጡ፣ ስለ ረግረጉ ሳይስማሙ፣ አብረው ዋሉ።

ወይዘሮ ድምር ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ፣ ባለቤታቸው፣ ልጆቻቸውና ወንድማቸው በተገኙበት፣ በሰባ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ባለቤታቸው የፋርማሲ ባለሙያው፣ ሴት ልጃቸው፣ ወንድ ልጃቸው፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸው፣ እንዲሁም ታላቅ ወንድማቸው ጋሽ ብሎንና የወንድማቸው ቤተሰብ በሕይወት አሉ።

ይህ ታሪክ ሲጻፍ የቤተሰቡ ሽማግሌዎች የአዳራሹ ነገር ይቅር፣ የቀብር ቀን ነው ብለው ነበር። ይግባ ያሉት ጋሽ ብሎን ናቸው። «ሰው ፊት ነው የከለከለችኝ፤ ሰው ፊት ይነበብ» አሉ። የእሳቸው ቦታ ትንሽ እንደነበረችም እንዲጻፍ ጠይቀዋል፤ ተጽፏል።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ይቀበል። ሲመዝናቸውም ሥራቸውን አንድ በአንድ ሳይነጥል፣ ሙሉ ዕድሜያቸውን አንድ ላይ ይይላቸው። ለቀረነውም መጽናናትን ይስጠን።